ልጄ ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ ሥራ ስገባ ማን ጋ ላስቀምጣት?

የአስኮዋ እናት
ጥቅምት 3፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ እስክትነቃ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። የወሊድ ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ደሞዜ ከነኦቨርታይሙ 5,200 ብር አካባቢ ነው። ባለቤቴ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ሥራ ሲገኝ በቀን 600 ብር ያመጣል፤ ሳይገኝ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ውሎ ባዶ እጁን ይገባል። አንድ ክፍል ቤት ነው የተከራየነው፣ 4,000 ብር፤ መብራትና ውሃ ለብቻ። ንጹሕ ጤፍ ከቀመስን ቆይተናል፤ ከሩዝ ጋር አስደባልቄ ነው የማስፈጨው።

ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ጠየቅሁ፤ ከስድስት ወር በታች አንቀበልም አሉኝ። ሌላው ይቀበላል፣ ግን በወር 4,500 ብር ነው። ሞግዚት እንዳልቀጥር ደላላው ከ4,000 ጀምሮ ነው የሚለኝ፣ ያውም ማደሪያና ምግብ በኔ። በአንድ ክፍል ውስጥ የት ላሳድራት? እናቴ ወሎ ናት፤ «ላኪያትና እኔ ላሳድጋት» ትለኛለች። ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ጡት አስጥዬ እንዴት ልላካት?

ባለቤቴ «ሥራውን ተዪው» ይላል። ብተወው የቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል? የተከራየንበት ግቢ ሴትዮ ደግሞ እርጉዝ መሆኔ ሲታወቅ ጀምሮ ፊቷን አጥቁራለች። እንዲህ ሆናችሁ ያሳለፋችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

---

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ገንዘቡን ሌሎች ይመልሱልሻል፤ እኔ ስለ ጡቱ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሥራ ስትገቢ ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው።

እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልጋትም። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ በእጅ ማለብ ተለማመጂ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ክዳን ያለው ኩባያ ቀቅለሽ አዘጋጂ፣ ጠዋት አጥብተሻት የተረፈውን እለቢው። የታለበ ወተት ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ፍሪጅ ባይኖርም ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ጎረቤት ፍሪጅ ካለ እስከ 4 ቀን። የሚይዛት ሰው በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ስኒ ይስጣት። ጡጦ ሲታጠብ ከጡቱ ጫፍ ውስጥ ቆሻሻ ይቀራል፤ ከምናየው የሕፃናት ተቅማጥ ብዙው የሚመጣው በዚያ ነው።

ፋብሪካም ውስጥ ሆነሽ በምሳ ሰዓት መታለብ አለብሽ። አለዚያ ጡትሽ ይጓጉላል፣ ትኩሳት ይይዝሻል፣ ወተቱም ይቀንሳል። ማታ ማታ ግን እንዳሻት ትጥባ፤ ወተቱን የሚያቆይልሽ የሌሊቱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የቆርቆሮ ወተት ገዝተው ቶሎ እንዳያልቅ ውሃ አብዝተው የሚያቀጥኑ እናቶች አሉ። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ክብደቱ ሲለካ ነው የሚያውቁት።

---

ከሰሚት

ክፉ ለመናገር አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ማለት አለበት። ኪራይ በጭንቅ የሚከፍሉ ሁለት ሰዎች ለምን ትንሽ አይቆዩም? እኔና ባለቤቴ አምስት ዓመት ጠብቀን ነው የወለድነው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል እያልን መውለድ ልጁንም መበደል ነው። ለወደፊቱ ብታስቡበት ብዬ ነው።

---

እማማ ከጉለሌ

ልጄ፣ አንቺ ጠብቀሽ መውለድሽ መልካም ነው፤ እግዜር ያሳድግልሽ። ግን ይቺ ልጅ ተወልዳለች። አሁን ለተወለደች ልጅ ነው መልስ የሚፈለገው።

እኔ አምስት ልጅ ያሳደግሁት ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት እየተሸከምሁ ነው። የመጨረሻዋን በፊት በኩል አዝዬ፣ ሸክሙን በጀርባዬ አድርጌ የወረድሁበት ጊዜ አለ። ከፍ ያሉትን ግን ጎረቤት ነው የጠበቀልኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናትም ነበር፤ ለኛ ለድሆቹ ትልቅ ነገር ነበር። ልጁ እዚያ ገብቶ ይውላል፣ እኔ እንጨቴን ሸጬ በመንገዴ አወጣዋለሁ።

ዛሬ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም ያጣው። ሰፈራችን ሲነሣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ አንዱ ከከተማው ዳር ተከራየ፣ እድሩም ተበተነ። የኔ የልጅ ልጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ሰው ስሙን አታውቅም። ለማን ትሰጠው? እኛ ቡና ስናፈላ የሁሉም ልጅ ከመሐላችን ነበር። ስለዚህ እናንተ ከኛ የባሰ አለባችሁ እንጂ አልሰነፋችሁም።

---

ጠበቃው

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ ላስረዳ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይሰጣል። በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለነበር መሻሻሉ አይካድም። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላም እስከ አራት ወር፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሌሎች ምክንያቶች በቀር፣ አሠሪሽ ሊያሰናብትሽ አይችልም። ባለቤትሽ ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ 3 ቀን ያገኝ ነበር። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ግን የቀረበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው።

የሕፃናት ማቆያ ነገር ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ይታያል። በ2017 በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጅ ያዝዝ ነበር። አባትም 10 የሥራ ቀን ያገኝ ነበር። በግሉ በኩል እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ የማጥቢያ እረፍት የሚል አንቀጽም የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን የሚቀጥረው ደግሞ የግሉ ፋብሪካ ነው። የደሞዝ ወለልም አልወጣለትም፤ አዋጁ ስለ ደሞዝ ቦርድ ይናገራል፣ ዝቅተኛው ደሞዝ ይህ ነው የሚል ቁጥር ግን የለም።

ሆኖም በኅብረት ስምምነት የማይቻል የለም። ፋብሪካችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የማጥቢያ ሰዓትና አንዲት ክፍል በድርድር ሊገባ ይችላል። ብቻሽን ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነሽ ጠይቂ።

---

ሌሊት ጥበቃ፣ ቀን አባት

ወንድሜ «ሥራውን ተዪው» ሲል ይገባኛል፤ እኔም ብዬ ነበር። አሁን እንዴት እንደምንኖር ልንገራችሁ።

እኔ የሌሊት ጥበቃ ነኝ፤ ማታ 12 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 12 እወጣለሁ። ባለቤቴ ሆቴል ዕቃ ታጥባለች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች። እኔ ቤት ስደርስ እሷ ለመውጣት ጫማዋን እያደረገች ነው። ልጁን ተቀብዬ እስከ አሥር ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። አጥሚት አፈላለሁ፣ ጨርቁን አጥባለሁ፣ እሱ ሲተኛ አብሬው እተኛለሁ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያሉ ወንዶች ሳቁብኝ። ዛሬ አንዱ ራሱ ልጁን አዝሎ ቧንቧ ላይ አገኘዋለሁ።

የሚከብደው እንቅልፉ ነው። ሥራ ላይ ዓይኔ ሲከደን አለቃ ካየኝ ደሞዜ ይቀጣል። ከባለቤቴም ጋር በወጉ የምንነጋገረው በእሑድ ነው። ግን ልጃችን በማንም እጅ አልወደቀም፣ ደሞዙም ሁለት ሆነ። ባልሽ የቀን ሥራውን ትቶ የሌሊት ጥበቃ ቢፈልግ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ የሚገባ ነው፣ ክረምት ብሎ አይቋረጥም።

---

ወ/ሮ ካራ

ለምን ትጨነቂያለሽ? ከወሎ አንዲት የዘመድ ልጅ አስመጪ። አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ልጅ መያዝ የምትችል። ቀን ልጅሽን ትይዛለች፣ ማታ ትምህርት ታስገቢያታለሽ። እሷም ከገጠር ወጣች፣ አንቺም ተገላገልሽ። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያሳደግነው።

---

ያቺ ልጅ

ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ያቺ ልጅ እኔ ነኝና።

ከጎጃም የመጣሁት አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሥራ መግቢያዋ ደርሶ ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም። አልመታችኝም፣ የበላችውን አብልታኛለች። የማታ ትምህርትም አስመዝግባኝ ነበር። ግን ማታ እሷ ከሥራ የምትገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ተኩል። ማን ይያዘው? በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ቀረሁ።

ልጁን ወደድሁት። ሲያመው ሌሊቱን ሙሉ በትከሻዬ ይዤ ቆሜ አድሬያለሁ። ዛሬ እሱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሲደውልልኝ «እትዬ» ይለኛል፣ ያከብረኛል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም። አሁን ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ጉልት እሸጣለሁ፤ የራሴን ልጅ አጠገቤ ካርቶን ላይ አስተኝቼ።

አክስቴን አልረገምሁም። እሷም ድሃ ነበረች፣ ሌላ መንገድ አላሳዩአትም። ግን አያችሁ፣ የድሃ እናት ልጅ በሌላ ድሃ እናት ልጅ ነው የሚጠበቀው። የአንዱ ትምህርት የሚከፈለው ከሌላዋ ትምህርት ነው። እህቴ የአስኮዋ፣ የፈለገው ቢመጣ ይህን አታድርጊ።

---

ጠበቃው

ያቺ ልጅ የጻፈችው ላይ ልጨምር፤ በአዋጅ 1156/2011 ለመቀጠር ዝቅተኛው ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ብሏል። የዘመድ ልጅ ሲሆን ግን ቅጥር ነው የሚል ሰው ስለሌለ ሕጉ ቤት ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው የዘመድ ልጅ ማስመጣቱ ማቆያ ሲኖር ብቻ የሚቀንሰው።

---

የአስኮዋ እናት

«ያቺ ልጅ» ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብሁለት። እናቴ የታናሽ እህቴን ስም ጠርታ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል። አልፈልግም ብያታለሁ።

የሌሊት ጥበቃውን ነገር ባለቤቴ አልጠላውም፤ ግን «ግንባታው ላይ እጄ ሊያድግ ነው፣ ግንበኛ ልሆን ነው» ይላል። ግንበኛ ከሆነ የቀን ክፍያው ከእጥፍ በላይ ነው። አሁን ቢተወው መልሶ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እውነቱን ነው።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ፋብሪካ ውስጥ የምታለብበት ቦታ ሽንት ቤት ብቻ ነው። እዚያ የታለበ ወተት ይሰጣል?

---

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

እዚያ የታለበውን አትስጫት፤ ድፊው። ጡትሽን ለማቅለልና ወተቱ እንዳይደርቅ ግን እለቢ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ካለ ጥግ ይዘሽ ነጠላ ሸፍነሽ ብታልቢ ይሻላል፤ ያኔ ንጹሕ ኩባያ ውስጥ ከሆነ ይሰጣል። ሁለት ሦስት እናቶች ከሆናችሁ እርስ በርስ ትሸፋፈናላችሁ፤ ሱፐርቫይዘሩም ብቻሽን የሆንሽ ቀን እንደሚናገርሽ አይናገርም።

ከሥራ በፊት የክትባት ቀኗን አስተካክዪ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁሉም በነፃ ነው። የ14 ሳምንቱ ሥራ የምትገቢበት ሰሞን ላይ ስለሚወድቅ ፈረቃሽን አስቀድመሽ አመቻቺ፤ አባቷም ይዟት መምጣት ይችላል።

---

ስድስት ልጅ የምትይዝ፣ ኮልፌ

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። ቤቴ ውስጥ ስድስት ሕፃን እይዛለሁ፣ ከእያንዳንዳቸው 2,500 ብር ነው የምቀበለው። ብዙ ይመስላል፤ ልቁጠርላችሁ። ክፍሏ ኪራይ ናት። አንዲት ረዳት አለችኝ፣ ስድስት ሕፃን ለአንድ ሰው አይሆንምና። ከሰል፣ ሳሙና፣ ውሃ በማይመጣበት ሳምንት በጀሪካን የሚገዛ ውሃ። እናቶቹ የሚከፍሉት ደሞዝ ሲገባላቸው ነው፤ ደሞዝ ሲዘገይ እኔም እጠብቃለሁ። ከዚያ የሚቀረኝ ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው ያነሰ ነው።

ፈቃድ ለማውጣት ሄጄ ጠይቄያለሁ። ግቢ፣ የመጫወቻ ቦታ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ለብቻው ማብሰያ ተባልሁ። ለልጆቹ የሚገባቸው እሱ ነው፤ አልቃወምም። እኔ ግን ያንን ባሟላ ክፍያዬ 5,000 ይገባል፣ እነዚህ እናቶች ደግሞ አይችሉም። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው ተደብቆ ይሠራል፤ የተደበቀ ደግሞ የሚያየው የለም። ከኔ ሰፈር ራቅ ብሎ አንዲት ሴት አሥራ አራት ሕፃን በአንድ ክፍል ይዛ ነበር። ወረዳው አንዲት የመንግሥት ክፍል ሰጥቶን ሥልጠና ቢሰጠንና በወር አንዴ መጥቶ ቢያየን ምን ነበረበት?

እህቴ፣ ልጅሽን የምታስቀምጪበት ቤት ስትፈልጊ ሳትነግሪ በቀን እኩሌታ ሂጂ። ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተኝተው ካገኘሻቸው ጠይቂ፤ ሕፃናት ሁሉም በአንድ ሰዓት አይተኙም። ምድጃው የት እንዳለ እዪ። በር ከውስጥ ተቆልፎ ከሆነ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ጠይቂ። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ እነዚህን አትለፊ።

---

እናት ከሪያድ

እኔ ልጅን ለአያት ትቶ የመሰደዱን መንገድ የሄድሁ ነኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለባለቤቴ እናት ትቼ ወጣሁ። ውሉ ሁለት ዓመት ነበር፤ ሲያልቅ ደሞዙን ስለፈለግነው አደስሁት። በምልከው ብር ልጄ የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ቤቱም ቆርቆሮው ተቀየረ። እኔ ደግሞ እዚህ የሰው መንታ አሳድጋለሁ። እኔን እያዩ ነው አፋቸውን የፈቱት፤ ሁለቱም «ነይ» የሚለውን ያውቃሉ።

ልጄ በስልክ ሲያየኝ ሰላም ብሎኝ ይሄዳል። አያቱን ነው «እማ» የሚላት። አልፈርድበትም።

ብዙ ሰው «እዚያ መከራ ከምትበዪ ዓረብ አገር ሂጂ» ይልሻል። ገንዘቡ እውነት ነው። የሚከፈለው ዋጋ ግን አሁን አይታይሽም፤ ልጅሽን አቅፈሽ ነውና የምታስቢው። ሌላ በር እያለ ይህን አትክፈቺ።

---

የምገባ እናት

እኔ ስለሚመጣው ልናገር፤ ሁሉም ጨለማ እንዳይመስልሽ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ተደራጅተን ለተማሪዎች ምግብ ከምናበስለው እናቶች አንዷ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳ ይሰጣል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማው ነው። ልጅሽ አራት ዓመት ሞልቷት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ስትገባ ይህ ሁሉ ይደርሳታል። ጠዋት ሌሊት ተነሥተን ነው ድስቱን የምንጥደው። በፊት ምሳ ሳይዙ መጥተው በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቻቸው ተለይተው አጥር ሥር የሚቆሙ ልጆች ነበሩ። ይህን አሁን አላይም። ለኔም ሥራ ሆነኝ፣ ልጄም የሚማረው የማበስልበት ግቢ ነው።

ያንቺ ጭንቀት ከሦስት ወር እስከ አራት ዓመት ያለው ነው። እዚያ መሐል ላይ ነው ማንም የሌለው። ሲወለድ ጤና ጣቢያው በነፃ ያዋልዳል፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይበላል። መሐሉ ላይ እናት ብቻዋን ናት። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የሚያስተምሩ እህቶች አሉ፣ ጥሩ ናቸው፤ እኔንም መጥተው ስለ ምጥን ገንፎና ከልጅ ጋር ስለ መጫወት ነግረውኛል። ግን ቀን ቤት ውስጥ ላለች እናት ነው የሚሆነው። ሲያንኳኩ የሚከፍትላቸው ከሌለስ?

---

ከሜሪላንድ

እዚህ ያለነው ሁሉ ደልቶን አይደለም። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል። ልጁን የምንቀባበለው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ እሱ ሲወርድ እኔ እገባለሁ፣ የሕፃኑ ወንበር ከመኪና መኪና ይዛወራል። ማቆያ ብናስገባው ከቤት ኪራያችን ጋር ይተካከል ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩት ጓደኞቻችን ግን ልጃቸው ሦስት ዓመት ሲሞላው በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ገባ። ድንበሩን ተሻግረሽ የኛ ከተማ ስትመጪ የለም። ሕዝቡ ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው። ከተማው በጀት ስለያዘለት ነው። አዲስ አበባ ምሳውን ከቻለች ማቆያውንም ትችላለች ብዬ አምናለሁ።

---

ተከራይ_18

ስለ አከራይዋ ማንም ስላላነሣ ልበል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት በታች ሊሆን አይችልም፤ በመሐሉ እንደፈለገች መጨመር አትችልም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ልጅ ወለድሽ ብሎ ማስወጣት አይሆንም። ውልሽ ካልተመዘገበ አስመዝግቢ። እኛን «ልጅ ያለው አናከራይም» ያሉን ብዙ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ስንገባ ሆዷን አይታ ነው ባለቤቴን የመለሰቻት።

---

ከሰሚት

ሁሉንም አንብቤያለሁ። ጠብቆ መውለድ ይሻላል የሚለው ሐሳቤ አልተለወጠም። ነገር ግን ማቆያው ከ4,500 በታች ቢሆን የኛም ሞግዚት ነገር ይቀል ነበር። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ቀያይረናል። ልጃችን አሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ቦርሳ የያዘ ሰው ካየ ያለቅሳል፤ የምትሄድ ይመስለዋል። የገንዘብ ችግር የሌለበትም ቤት ይህ አለ። የአስኮዋ እናት፣ ያስቀየምሁሽ ከሆነ ለማስቀየም ብዬ አልነበረም።

---

የአስኮዋ እናት
ጥቅምት 19፣ 2018

ተመልሻለሁ። ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለየብቻ ባልመልስም አንድም ሳላነብ አልቀረሁም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ላይን (የስፌት መስመር) ከምንሠራው ሁለት ሌሎች ሴቶች በዚሁ ሰሞን ወልደዋል። አንዷ ከፈቃድ ገብታለች፣ ሁለተኛዋ እንደኔው ልትገባ ነው። የገባችውን ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። የገባችው ልጇን ለታላቅ ልጇ ትታ ነው፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት አስቀርታው። ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

ሦስታችን ተነጋግረን አንዲት ሴት ለመቅጠር ተስማማን። ሰፈራችን ያለች፣ ልጆቿ ያደጉ፣ በሴፍቲኔት ጠዋት መንገድ ስትጠርግ የነበረች፣ አሁን ያበቃላት። እያንዳንዳችን 1,800 ብር እናዋጣለን፤ ለሷ 5,400 ይሆናል፣ ከኔ ደሞዝ ይበልጣል፤ ግን ሦስት ሕፃን ነው፣ ይገባታል። የሚቆዩት በኔ ቤት ነው፣ ለጋራ ቧንቧው ቅርብ ስለሆነ። አልጋውን ወደ ጥግ አስጠግተን፣ ባለቤቴ ከግንባታ ባመጣው እንጨት ወለሉን ከፍ አድርጎ ሠራው፤ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጥቶ በቆርቆሮ ከለለው። «ስድስት ልጅ የምትይዝ» ያልሽው ነው አእምሮው ውስጥ የቀረው።

አከራይዋ ተቆጣች። ውሃ ይበዛል አለች። የውሃውን ለብቻ በ300 ብር ጨምረን ዝም አሰኘናት። ውሉን ግን ለማስመዝገብ ወረዳ ሄደን ወረፋ ይዘናል።

ፋብሪካው ላይ ደግሞ ጠበቃው እንዳሉት በጽሑፍ አድርገን፣ አሥራ ሁለት ሴቶች ፈርመን ለሠራተኛ ማኅበሩ ሰጥተናል። የጠየቅነው አንድ ክፍልና ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ሃያ ደቂቃ ነው። ታርጌት (በቀን መሰፋት ያለበት ብዛት) ይጎድላል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት ግን ከፈረሙት አንዷ ማሽን ላይ እያለች ወተቷ ፈሶ ሸሚዝዋን አርሶ፣ የምትሰፋውን ልብስ ስላበላሸባት ተቀጥታለች። ስለዚህ ልብሱም እንዳይበላሽ ነው ብለን ጻፍን።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ ከሦስቱ አንዷ ልጅ ቢታመም ያን ቀን ማን ይይዘዋል? ሌሎቹ እንዳይጋባባቸው ማለቴ ነው። ሁለተኛው፣ ለሴትዮዋ ውል ይጻፍ ወይስ በቃል ይበቃል?

---

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያለበት ሕፃን ያን ቀን አይግባ። እናቱ የምትቀርበትን ቀን ከአሁኑ ተስማሙ፤ ያኔ ጭቅጭቅ አይመጣም። የሦስቱንም የክትባት ካርድ ቤትሽ በአንድ ላይ አስቀምጪ፣ የወላጆች ስልክ በላዩ ላይ ተጽፎ። ለሴትዮዋ የተቅማጥ ጨው አበጣበጥ አሳይቻታለሁ ብለሽ ቁጠሪ፤ ማንኛውንም ቀን ጠዋት ይዘሻት ነይ፣ አሳያታለሁ።

---

ስድስት ልጅ የምትይዝ፣ ኮልፌ

ውል ይጻፍ። ክፍያው በወሩ ስንተኛው ቀን እንደሚሰጣት፣ እሑድና በዓል እንዳላት፣ እሷም ስትታመም ማን እንደሚተካት። እኛን የሚያጣላን ሁልጊዜ ያልተነገረው ነገር ነው። እሷ ስትታመም እኔ አንድ ሁለት ቀን ሦስቱንም ልይዝ እችላለሁ፤ ከአስኮ ወደ ኮልፌ ታክሲ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

ሌሊት ጥበቃ፣ ቀን አባት

ለባልሽ ሰላም በይልኝ። ወለሉን ከፍ ያደረገበት እንጨት ሚስማሩ ወደ ላይ እንዳይወጣ በየሳምንቱ ይይ፤ የኔ ልጅ መዳህ ሲጀምር ነው ያየሁት።

---

ሰባት ወር እርጉዝ፣ ቃሊቲ

እኔም ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ጥር ላይ እወልዳለሁ። የፈረማችሁትን ደብዳቤ እንዴት እንደጻፋችሁት ብታካፍሉኝ? እኛም ላይን ላይ እርጉዞች አራት ነን።

---

የአስኮዋ እናት

እህቴ፣ ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፤ ዛሬ ማታ በስልኬ ጽፌ እዚሁ አወጣዋለሁ። የፋብሪካውን ስም አጥፍተሽ የናንተን ታስገቢበታለሽ። አራታችሁም ከመውለዳችሁ በፊት ፈርሙ፤ ከወለዱ በኋላ ሰው ማግኘት እኛን አስቸግሮን ነበር።

---

ጠበቃው

ስታወጪው ቀንና የተቀበለው ሰው ፊርማ ያለበት ቅጂ እናንተ ዘንድ እንዲቀር ጨምሪበት። ለሁለታችሁም።